ውሻ ቤት ሲገባ ምን ይለወጣል? ግቢው ይሠራው የነበረውን ሥራ ማን ይረከባል?

ካዛንቺስ ባደግኩበት ግቢ መቻል የሚባል ውሻ ነበረን። ማን እንዳመጣው የሚያስታውስ የለም። ማን እንደሚያበላውም በውል አይታወቅም፤ ሁሉም ያበላዋል። ቀን ከውኃ ሮቶው ሥር ይተኛል፣ ሌሊት በሩን ይጠብቃል። የት እንደሚጸዳዳ ጠይቀን አናውቅም። ገላውን የሚያጥበው ክረምት ነው።

አሁን የምኖረው ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ቡቺ ቤታችን ገባች። በሁለት መዳፍ የምትያዝ ቡችላ ነበረች። በሁለተኛው ሳምንት እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ሁላችንንም ዓይናችን ቀልቶ አገኘችን። «መቻልን ስናሳድግ እኮ እንዲህ አልደከመንም» አለች።

እውነቷን ነው፣ አልደከመንም። ግን ሥራው ስላልነበረ አይደለም። ግቢው ይሠራልን ስለነበረ ነው። ሽንቱን አፈሩ ይመጠው ነበር። ጩኸቱን አጥሩና ርቀቱ ያበርዱት ነበር። ሲሰለቸው በር ሲከፈት ሾልኮ ሰፈሩን ዞሮ ይመጣል። ግቢው ደሞዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ነበር ማለት ነው።

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ሠራተኛ እየጠፋ ነው። በ2016 የፒያሳ ብዙ ግቢዎች በኮሪደር ልማት ፈረሱ። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ተከተለ። ብዙ ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ወይም ፎቅ ላይ ተከራየ። የውሻ ፍቅሩ ግን አልቀረም። ስለ ውሻ የምናውቀውም ነገር አብሮን ፎቅ ወጣ። ችግሩ የምናውቀው ሁሉ ለግቢ የተሠራ መሆኑ ነው።

የግቢ ውሻና የቤት ውሻ ምንና ምን ናቸው?

በሰዉ አፍ ውሻ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሐበሻ ውሻና የፈረንጅ ውሻ። የሐበሻው ውጭ ያድራል፣ የፈረንጁ ሶፋ ላይ ይተኛል ይባላል። ይህ ስለ ዘር የሚወራ ይመስላል እንጂ ስለ አኗኗር ነው። ጆሮው የቆመው የመንገድ ዳር ቡችላም ሆነ ጠጉሩ የተንዠረገገው ባለ ዋጋ ውሻ አካላቸውና ፍላጎታቸው በመሠረቱ አንድ ነው። ውሻ ቤት ውስጥ መኖሩም ቢሆን ለአገራችን አዲስ አይደለም። ጃንሆይ ሉሉ የሚሉት ትንሽ ውሻ ቤተ መንግሥት ውስጥ እንደነበራቸው ትልልቆቹ አሁንም ያነሱታል።

ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ «የግቢ ውሻ» ስል ደጅ የሚውል፣ የሚያድር፣ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር ውሻ ማለቴ ነው። «የቤት ውሻ» ደግሞ ግድግዳ ውስጥ አብሯችሁ የሚኖር፣ በር ካልከፈታችሁለት የትም የማይሄድ ውሻ ነው። የእሱ ቀን በእናንተ እጅ ነው። የእናንተም ቀን፣ ቀስ እያለ፣ በእሱ እጅ ይገባል።

ቀኑ የሚለወጠው እንዴት ነው?

መጀመሪያ የሚለወጠው ሰዓታችሁ ነው። ምክንያቱ ፍቅር አይደለም፤ ፊኛ ነው። የሽንት ፊኛ።

የቡችላ ፊኛ እንደ ትንሽ ጀሪካን ቁጠሩት። ክዳኑም ገና አልጠበቀም። የእንስሳት ሐኪሞች ቀለል ያለ ስሌት አላቸው። የቡችላውን ዕድሜ በወር ቁጠሩና አንድ ጨምሩበት። የሁለት ወር ቡችላ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ይይዛል። የሦስት ወሩ አራት። ስለዚህ ማታ አራት ሰዓት ላይ አውጥታችሁ ብትተኙ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ ደረጃ ይወርዳል። እንደገና ደግሞ ዐሥር ሰዓት ላይ። እኛ ቤት ሊፍት የለም። የጠባቂያችን ሰላምታ በሳምንት ውስጥ «ደህና አመሻችሁ» ከሚለው ወደ «ዛሬም?» ተለወጠ።

ስሌቱ የመጨረሻውን ልክ ነው የሚነግራችሁ። ቀን ቡችላ የሚወጣው በሦስት አጋጣሚ ነው፤ ከእንቅልፍ ሲነቃ፣ ሲበላ፣ ሲጫወት። በተለይ ምግብ ሆድ ሲገባ አንጀት ይንቀሳቀሳል፣ የቆየውንም ይገፋል። ከበላ በኋላ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደጅ ከሆነ ግማሹ ችግር አለቀ።

ምንጣፍ ላይ ሲያመልጠውስ? አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት የቆየ ልማድ ነው፣ እኔም አይቼ ያደግኩት እሱን ነው። አይሠራም። ቡችላው የሚይዘው ትምህርት «እዚህ አልሸናም» የሚል አይደለም። «እነዚህ ሰዎች እያዩኝ አልሸናም» የሚል ነው። ከዚያ አልጋ ሥር ገብቶ ይሸናል። የሚረዳው ሽታውን ማጥፋት ነው፤ ውሻ የሸናበትን በአፍንጫው ፈልጎ ይመለሳልና። እናንተ ዘንድ የጠፋው ሽታ እሱ ዘንድ አለ። በረኪና ሽንት ላይ ማፍሰስ የሚያንቅ ጋዝ ያወጣል። አቼቶ በውኃ አቅጥኖ መጥረግ ይሻላል።

ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ እንቅልፍ ነው። ቡችላ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። ያደገ ውሻም ከ12 ሰዓት አያንስም። ልጆች ቤት ውስጥ ካሉ ይህን አያውቁም፤ በተኛ ቁጥር ይቀሰቅሱታል። ያልተኛ ቡችላ ደግሞ እንቅልፍ እንዳጣ ሕፃን ነው፤ ይነጫነጫል፣ ይነክሳል፣ ጫማ ይበላል። ብዙ ሰው «ይሄ ውሻ ክፉ ነው» ብሎ የሚመልሰው ቡችላ እንቅልፍ ያጣ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የተረፈ ወጥ ብናበላውስ?

ቡቺን የመጀመሪያ ሰሞን የመገብናት የምሳችንን ትራፊ ነበር። እንጀራ በሥጋ ወጥ። ለክትባት ስንወስዳት ሐኪሙ ምን እንደምትበላ ጠየቀን። ነገርነው። «ወጡ ሽንኩርት አለው?» አለ። ባለቤቴ «ሽንኩርት የሌለው ወጥ አለ እንዴ?» አለችው። ሰውየው አልሳቀም።

ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። እነዚህ ሴሎች በሰውነት ውስጥ አየር የሚያመላልሱ ታክሲዎች ናቸው ብትሉ፣ ሽንኩርቱ ታክሲዎቹን መንገድ ላይ እያቃጠለ ይሄዳል። ውሻው ወዲያው አይወድቅም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ይደክመዋል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል ወይም ይቀላል። በውሻው ክብደት በአንድ ኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ደሙን ለመጉዳት ይበቃል። አምስት ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ ይህ አንድ መካከለኛ ሽንኩርት ነው። መብሰሉ መርዙን አያጠፋውም። ለአንድ ዶሮ ወጥ ስንት ሽንኩርት እንደሚከተፍ ደግሞ እናንተ ታውቃላችሁ።

«መቻል ዕድሜውን ሙሉ ወጥ በልቶ አልሞተም» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። መቻል ግን ትልቅ ውሻ ነበር፣ ከወጡ የሚደርሰው የትሪ ጥራጊ ነው፣ የቀረውን ከሰፈር ይለቅም ነበር። የቤት ውሻ ከሰጣችሁት ሌላ የሚበላው የለም። በየቀኑ ከአንድ ድስት የሚበላ ትንሽ ውሻ ላይ ጥቂት በጥቂት ይጠራቀማል።

እንጀራው ራሱ ችግር የለበትም። ውሻ ከሰው ጋር በኖረባቸው ሺህ ዓመታት እህል መፍጨት ለምዷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ውሾች እህል ለመፍጨት የሚረዳውን ዘረ መል ከተኩላ በብዙ እጥፍ ተሸክመው እንደሚገኙ አሳይቷል። ስለዚህ እንጀራ፣ ሩዝ፣ ቅንጬ ጉልበት ይሆነዋል። ብቻውን ግን አይበቃም። በተለይ እያደገ ላለ ቡችላ ሥጋ ወይም እንቁላል የግድ ነው።

እዚህ ላይ ጾም ይመጣል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ቤቱ ሲጾም ውሻው ሳይጠየቅ አብሮ ይጾማል። የሰፈሩ ሉካንዳ ይዘጋል፣ አጥንት የለም፣ ትራፊው ሽሮ ነው። ሽሮው ደግሞ ሽንኩርት አለው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ክፍት የሆነ የሙስሊም ሉካንዳ መፈለግ ወይም አስቀድሞ ቀቅሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። በጾም ቀን ሥጋ የሚቀቀልበትን ድስት ማን ይነካል? እኛ ቤት ለቡቺ የራሷ ድስት ተገዛላት። ይህ ከማስታረቂያ ሽማግሌ ይረክሳል።

ስለ አጥንት አንድ ቃል ብቻ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል። አትስጡት።

የበዓል በግ ሲታረድ ሳንባውን ለውሻ መጣል ለምን ይከለከላል?

ይህን ዘለግ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ለፋሲካ፣ ለመስቀል ወይም ለአረፋ በግ ሲታረድ አንዳንዴ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል። አራጁ ያየዋል፣ «ይሄ ለሰው አይሆንም» ይላል፣ ለውሻ ይወረውረዋል። አራጁ ግማሽ ትክክል ነው። ከረጢቱ የአንድ ትል ልጆች ማደጊያ ነው። ትሉ የኮሶ ትል ዘመድ ነው፤ ግን ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ። ያደገው ትል የሚኖረው ውሻ አንጀት ውስጥ ነው። ለመኖር ሁለት ቤት ያስፈልገዋል፤ አንዱ በግ፣ አንዱ ውሻ። ሳንባውን ለውሻ ስንሰጥ ትሉን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በእጃችን አሻገርነው ማለት ነው።

ውሻው አይታመምም። ይጫወታል፣ ይበላል። ከሳምንታት በኋላ ግን በዓይነ ምድሩ ዓይን የማያያቸው እንቁላሎች መጣል ይጀምራል። እንቁላሎቹ ጠጉሩ ላይ ይጣበቃሉ፣ ሣር ላይ ይቀራሉ። ልጅ ውሻውን አሻሽቶ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ሲበላ እንቁላሉ ሆዱ ይገባል። ያን ጊዜ ሰው የበጉን ቦታ ይወስዳል፤ ከረጢቱ በእሱ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያድጋል። ለዓመታት ሳይታወቅ። አንዳንዱ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው።

ግቢ ውስጥ በነበርንበት ጊዜም አደጋው ነበረ። አሁን ግን ውሻው አልጋ ላይ ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። ጥሬ ሳንባና ጉበት አይሰጥም። ሉካንዳ «ለውሻ» ተብሎ የሚሸጠው ሳንባም ግማሽ ሰዓት በደንብ ይንተክተክ። ለውሻው ደግሞ ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ በየሦስት ወሩ ይሰጠዋል። ልጆች ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። አለቀ።

የእብድ ውሻ በሽታ የቤት ውሻን ይይዛል?

ይይዛል። በደረጃ ወርዳችሁ ለአምስት ደቂቃ ስታወጡት አንድ ሌላ ውሻ ቢነክሰው ይበቃል።

በሽታው ቫይረስ ነው። ከታመመ እንስሳ ምራቅ ጋር በንክሻ ይገባል። በሰው ላይ ከሚደርሰው መቶ እጅ 99ኙ ከውሻ የሚመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ወደ 59,000 ሰው ይሞታል ብሎ ይገምታል፤ አብዛኛው አፍሪካና እስያ ውስጥ። ከሚነከሱት ውስጥ 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ታዲያ ከተነከሱ በኋላ ክትባት እንዴት ይሠራል? የሌሎች በሽታዎች ክትባት አስቀድሞ ነው የሚሰጠው። የዚህ ምስጢር የቫይረሱ አካሄድ ነው። እንደ ብዙዎቹ በደም ውስጥ አይሮጥም። በነርቭ ውስጥ፣ ከንክሻው ቦታ እስከ አንጎል፣ በእግሩ ነው የሚሄደው። ታክሲ አያገኝም። እግሩ ላይ የተነከሰ ሰው መንገዱ ረጅም ነው፤ ፊቱ ላይ የተነከሰ ልጅ መንገዱ አጭር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንዳንዴ ግን ሳምንት። ክትባቱ ሰውነት ወታደሮቹን አሰልፎ ቫይረሱ አንጎል ደጃፍ ሳይደርስ መንገዱን እንዲዘጋ ያደርጋል። ነገሩ እሽቅድምድም ነው። ለዚህ ነው «እስቲ እንየው» ተብሎ የሚቆይበት ቀን ሁሉ ከእኛ የሚቀነሰው።

ስለዚህ ውሻ ሲነክስ መጀመሪያ ቁስሉ በውኃና ሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠባል። በሰዓት፣ እያያችሁ። ሳሙና ቫይረሱን ያፈርሰዋል። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም። የአዲስ አበባ ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር ሂድ» ይላል። ጉለሌ ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሉዊ ፓስተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1885 የዚህን በሽታ ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ውሻ ለነከሰው የ9 ዓመት ልጅ ከሰጠው ሰው። ክትባቱ በተወሰኑ ቀናት ልዩነት የሚሰጥ ነው። «ዳነ» ተብሎ መሀል ላይ አይቋረጥም። ጠበል መጠመቅ ወይም የባህል ሐኪም ጋ መሄድ የፈለገ ሰው ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ።

ውሻው የሚታወቅ ከሆነ አይገደል። ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ የሚገኘው ውሻው ሊታመም ሲል ነው። በ10ኛው ቀን ደህና ከሆነ፣ በነከሰ ጊዜ በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። ተገድሎ ከተጣለ ግን ይህ መረጃ አብሮ ይጣላል። ታማሚው እስከዚያ ድረስ ክትባቱን ይከታተላል፤ የ10ኛውን ቀን አይጠብቅም።

ሦስት አባባሎች እዚህ ላይ ያሳስቱናል። አንዱ «የሚጮህ ውሻ አይናከስም» ነው። ለሰው ጠባይ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ ለውሻ ግን ውሸት ነው። ሌላው ሰው ሲቆስል የምንመርቀው «የውሻ ቁስል ያርግልህ» ነው። ውሻ ቁስሉን እየላሰ ስለሚድን የመጣ ምርቃት ነው። ምርቃቱን አሜን በሉት፤ ውሻው የእናንተን ቁስል እንዲልስ ግን አትፍቀዱ። በሽታው በንክሻ ብቻ ሳይሆን ምራቁ ክፍት ቁስል ሲነካም ይገባል። ሦስተኛው «ያበደ ውሻ ውኃ ይፈራል» የሚለው ነው። ውኃ የሚፈራው የታመመው ሰው ነው። የታመመ ውሻ ውኃ ቢጠጣ «ደህና ነው» አትበሉ።

የውሻው ክትባት በሦስት ወሩ ይጀመራል፣ ከዚያ በየዓመቱ። ካርዱን አትጣሉት። ጎረቤት ሲቆጣ ከአንደበት ይልቅ ካርድ ያስታርቃል።

ጎረቤት ምን ይላል?

ብዙ ይላል። ውሻ ከእኛ በጣም ቀጭን የሆነ ድምፅ ይሰማል። ደረጃ ላይ የሚወጣውን እግር ሁሉ ይቆጥራል። መቻል በር ላይ ሲጮህ ሥራው ነበር። ቡቺ ያንኑ ሥራ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆና ስትሠራ 20 አባወራ ይነቃል።

የጋራ ሕንጻ የራሱ አስተዳደር አለው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያቋቁማሉ፣ መተዳደሪያ ደንብ ያወጣሉ። ውሻ ከማምጣታችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ። ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ደብቆ ማሳደግ አይቻልም፤ ውሻ ምስጢር አይጠብቅም።

ሕጉ ላይ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሳይታሰብ ከእጁ ቢያመልጥ እንኳ። «ገመዱ ተበጠሰብኝ» ማለት አያስጥልም። በር ላይ «ተናካሽ ውሻ አለ» ብሎ የለጠፈ ሰው ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል፤ አንቀጹ ግን ስለ ማስታወቂያ አያወራም።

ጩኸቱ የሚቀንሰው በዱላ አይደለም። ቡችላ ከሦስተኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ያለው ጊዜው እርጥብ ሲሚንቶ ነው። በዚያ ጊዜ ያየው ሰው፣ የሰማው ድምፅ፣ የረገጠው መሬት ሁሉ ላዩ ላይ ይታተማል፤ «ይህ የተለመደ ነው» ብሎ ይቀበለዋል። ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ አዲስ ነገር ሁሉ ጠላት ይመስለዋል። ገና ክትባቱ ስላልተሟላ መሬት አይረግጥ ይሆናል። ታቅፋችሁ ውረዱ። የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይስማ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ነጠላ የለበሰች እናት፣ የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች ይይ። በሰንሰለት ታስሮ ያደገ ውሻ የሚናከሰው ተፈጥሮው ሆኖ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ፣ ሲሚንቶው ሰንሰለት ብቻ አይቶ ስለደረቀ ነው።

ቤተሰቡ ውስጥስ?

ደስ የሚለው እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2015 የጃፓን ተመራማሪዎች ሳይንስ መጽሔት ላይ እንዳሳተሙት፣ ሰውና ውሻው ዓይን ለዓይን ሲተያዩ በሁለቱም ሰውነት ውስጥ ኦክሲቶሲን ይጨምራል። እናትን ከሕፃኗ ጋር የሚያስተሳስረው ንጥረ ነገር ነው። ከሥራ ስትገቡ በር ላይ የሚጠብቃችሁ ደስታ ከእናንተ በኩል ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የማይወራው ደግሞ ይህ ነው። ውሻ እንዲመጣ የሚያለቅሰው ልጅ ነው። የሚፈቅደው አባት ነው። የምታጸዳው ግን የቤት ሠራተኛዋ ነች። ማንም አልጠየቃትም። ስትቀጠር የተነገራት ምግብና ልብስ ነበር። ውሻ የምትፈራ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከሚያስፈራት ነገር ጋር ተቆልፋ ትውላለች። እኔ ይህን ትልቅ ነውር አድርጌ ነው የማየው። አስቀድማችሁ ጠይቋት። እሺ ካለች ደሞዙ ላይ ጨምሩ፤ ሥራ ጨምሯልና።

ሃይማኖትም አለ። «ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም፤ ሁሉም የሚያባርራት ማለት ነው። ጸሎት ቤት ባለበት ክፍል ውሻ ሲያልፍ የሚከፋት እናት አለች። ሙስሊም ጎረቤታችሁም የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል የሚል ትምህርት አለው፤ ልብሱን ቢልሰው ከሶላት በፊት መታጠብ ይኖርበታል። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ «አይነክስም፣ ግቡ» ማለት መልስ አይደለም። ሰውየው መች ስለ ንክሻ ጠየቀ? ውሻውን ሌላ ክፍል አስገብቶ በር መዝጋት ነው። ቡቺ ዛሬ ቡና ሲፈላ ራሷ ተነሥታ ጓዳ ትገባለች።

ሴት ቡችላ ለምን ትጣላለች?

ቡቺን ያገኘናት ካርቶን ውስጥ ነው። ከእህቶቿ ጋር፣ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ። ወንድ አልነበረም፤ ወንዶቹን ሰው ወስዷቸዋል።

ምክንያቱ ሂሳብ ነው። ሴት ውሻ በዓመት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ትፈልጋለች። ያን ሰሞን የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ በራችሁ ላይ ያድራል። ካረገዘች በ63 ቀን ገደማ ትወልዳለች፤ አምስት፣ ስድስት፣ ከዚያም በላይ። ግቢ ውስጥ የተወለደው ሰፈር ውስጥ ይበተን ነበር። ፎቅ ላይ የት ይበተናል? መፍትሔው ማስመከን ነው። የእንስሳት ሐኪም በአንድ ቀን የሚጨርሰው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ቁስሉ እስኪድን አንገቷ ላይ ባልዲ የመሰለ ነገር ታጠልቃለች። ቡቺ ያንን ባልዲ ይዛ ለዐሥር ቀን የቤቱን እግር ሁሉ ስትገጭ ከረመች። ደረጃ የለም፣ ሩጫ የለም። ትልቁ ፈተና እሱ ነበር።

በዓል ሲመጣስ?

የውሻ ጆሮ ለበዓል አልተሠራም። ርችት ለእሱ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፍንዳታ ነው። በየዓመቱ በእንቁጣጣሽና በገና ዋዜማ ደንግጠው በተከፈተ በር የሚሮጡ ውሾች አሉ። አንገታቸው ላይ ስልክ ቁጥር ያላቸው የመመለስ ዕድል አላቸው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ቡሄ ነው። ጅራፉ ከሩቅ ይጮሃል። ከዚያ ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው ደረጃ ይወጣሉ፣ በር ላይ ቆመው «ሆያ ሆዬ» ይላሉ፣ ወለሉን በዱላ ይደበድባሉ። ለውሻ ይህ የማያውቃቸው ሰዎች፣ ዱላና ጩኸት በአንድ ላይ በሩ ላይ መጡ ማለት ነው። አስቀድማችሁ አውጥታችሁ አድክሙት። መስኮት ዝጉ፣ ራዲዮ ክፈቱ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ምንጣፉን አንጥፉለት። ሊሸሸግ ሲፈልግ አትጎትቱት። ልጆቹንም በር ዘግታችሁ አትመልሷቸው፤ ሙልሙሉን ይዛችሁ ምድር ቤት ውረዱ።

ባለፈው ቡሄ እንደዚያ አደረግን። ቡቺ ሻወር ቤት አደረች። ባለቤቴም አብራት።